ትንሽ ሞተር በባለቤቱ እጅ



የምናገረው ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ ሲሲ ስላለው ሞተር ሳይክል ነው። የግብርና ባለሙያውን ከቀበሌ ቀበሌ የሚያመላልሰው፣ መምህሩን ከቤቱ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ ነጋዴውን ከነሸቀጡ ገበያ የሚያስገባው ይህ ሞተር ነው። ብዙ ሰው በሕይወቱ ከሚያወጣቸው ትልልቅ ገንዘቦች አንዱ የሚሄደው ለእሱ ነው። እንዲያም ሆኖ የምንገዛው በአንድ ከሰዓት ወሬ ነው፤ ወደ ጋራዥ የምንወስደውም መንገድ ላይ ሲቆምብን ብቻ ነው። ይህ ልማድ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ትንሹ ሞተር ከመጀመሪያው የታሰበው ባለቤቱ በገዛ እጁ እንዲንከባከበው ነውና፣ ባለቤቱ ካላወቀው መካኒክ ብቻውን አያድነውም።

ከየት እንደመጣ ማወቁ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1958 ጃፓናዊው ሶይቺሮ ሆንዳና የሥራ አጋሩ ታኬዎ ፉጂሳዋ ሱፐር ከብ የተባለችውን ትንሽ ሞተር ለገበያ አወጡ። የፈለጉት ምግብ የሚያደርስ ልጅ በአንድ እጁ ዕቃ ይዞ በሌላው ሊነዳት የሚችል፣ ብዙ ነዳጅ የማትጠጣ፣ ለመጠገን የማታስቸግር ሞተር ነበር። እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ መቶ ሚሊዮን ሱፐር ከብ ተመርቷል፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል የተመረተ ሌላ ባለ ሞተር ተሽከርካሪ የለም። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሄሮና ሆንዳ በሽርክና ሲዲ 100 የተባለውን ባለ 97 ሲሲ ሞተር በሕንድ መሸጥ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ የሕንድን መንገድ የያዙት ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥሉ፣ ጭሳቸው የበዛ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ነበሩ። ባለ አራት ምቱ ሲዲ 100 በነዳጅ ቆጣቢነቱ ገበያውን ገለበጠው። ዛሬ በእኛ መንገድ የምናያቸው ቦክሰርና ቲቪኤስም በዚያው መንገድ የመጡ ናቸው። አንድ ሲሊንደር አላቸው፤ በነፋስ ይቀዘቅዛሉ፤ የሚይዙት ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው። በደንብ ከተያዙ በአንድ ሊትር ቤንዚን ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ።

እንግዲህ ወደ ግዢው። ሞተር የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ወደ ሞተር መሸጫ ይሄዳል። እኔ ግን መጀመሪያ መለዋወጫ ሱቅ ግቡ እላለሁ። በከተማችሁ ያሉትን ሁለት ሦስት ሱቆች ዙሩና የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴና ከነጥርሱ፣ ፒስተን ከነፋሻው ለየትኛው ሞተር እንዳላቸው ጠይቁ። መደርደሪያው ላይ ዕቃው የሞላለት ሞተር ለእናንተ የሚሆነው ነው። መልኩ ያማረ፣ ዋጋው የወረደ፣ ነገር ግን አንዲት ገመድ ስትበጠስ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስልክ ሞተር ከሥራ ያስቀራችኋል። የሲሲውን ነገር በተመለከተ፣ ብቻውን በሜዳ ለሚነዳ ሰው መቶው ይበቃዋል። ዳገት ለሚበዛበትና ሰው ወይም ጭነት ለሚያፈናጥጥ ግን 125 ወይም 150 ይሻላል፤ ትንሹን ሁልጊዜ ጉልበቱን አሟጥጦ ማስኬድ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

የምትነዱበትን ከተማ ደንብም አስቀድማችሁ አጣሩ። በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሎ እንደነበር የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። ሞተሩን ሠርተው ሊበሉበት የገዙ ወጣቶች በአንድ ቀን ሥራ ፈቱ። ደንብ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከደላላው ሳይሆን ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ።

ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ከብረቱ በፊት ወረቀቱን እዩ። በሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የሻንሲው ቁጥር በአብዛኛው መሪው የሚዞርበት አንገት ላይ ተመትቶ ይገኛል። ዙሪያው በሞረድ የተፋቀ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ወይም ቁጥሮቹ የተዛነፉ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ ትታችሁ ሂዱ። ቦሎው የታደሰ መሆኑን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ ያልተቋረጠ መሆኑን፣ ሞተሩም ከዕዳና ዕገዳ ነፃ መሆኑን አረጋግጡ።

ውክልና ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የስም ማዛወሪያውን ወጪና ምልልስ ሸሽቶ ከባለቤቱ ውክልና ብቻ ይዞ ሞተር ይገዛል። ከዚያም እሱ ለሌላው፣ ሌላውም ለሌላው በውክልና ያስተላልፈዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ወካይ የሰጠውን ውክልና በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለም ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ገንዘባችሁን ከፍላችሁ፣ ሦስት ዓመት ነድታችሁ፣ ሻጩ ቢሞት ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ልትቆሙ ትችላላችሁ። ለሻጩም ቢሆን አደገኛ ነው፤ ስሙ እስካልተነሣ ድረስ ሞተሩ ባደረሰው ጉዳት ሕግ የሚፈልገው እሱን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ስሙ እስኪዛወር ድረስ ከክፍያው የተወሰነውን አስቀርታችሁ ተዋዋሉ።

አሁን ብረቱን እንመርምር። ቀጠሮ ስትይዙ ሞተሩ ሳይነሣ እንዲጠብቃችሁ ለሻጩ ንገሩት። ስትደርሱ ሲሊንደሩን በእጃችሁ ንኩት፤ ከሞቀ አንድ ነገር ሊደብቅ ይችላልና ሌላ ጊዜ ተመለሱ። ቀዝቃዛ ሞተር እውነቱን ይናገራል። የእግር ማስነሻውን ቁልፉ ሳይከፈት በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ ግፉት፤ አንድ ቦታ ላይ ጠንክሮ ሊመልሳችሁ ይገባል። ያለ ምንም ተቃውሞ ልል ብሎ የሚወርድ ከሆነ ፋሻው ወይም ቫልቩ አልቋል። ከዚያ አስነሡትና ማርሚታውን ተመልከቱ። ጠዋት በብርድ የሚወጣና ወዲያው የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት ውሃ ነው፣ አያስጨንቅም። ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል፤ ይህ የሚስተካከል ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። ጋዝ ስትሰጡ ከበዛ ፋሻውንና ሲሊንደሩን ጠርጥሩ፤ ጋዙን ለቃችሁ መልሳችሁ ስትሰጡ ብቻ ብቅ የሚል ከሆነ የቫልቭ ጎማው ነው። በሁለቱ ጥገናዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ይህን መለየት በድርድር ላይ ገንዘብ ያተርፋል።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመኑት፤ ገመዱን ነቅሎ መንዳት ለማንም ቀላል ነው። የእግር ማሳረፊያው ጎማ ተበልቶ ብረቱ ከወጣ፣ የማርሽ መርገጫው ከለሰለሰ፣ መያዣው ላይ የእጅ ቅርጽ ከቀረ፣ ቆጣሪው አምስት ሺህ ቢልም ሞተሩ ብዙ አገር ዞሯል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሡና መሪውን ከግራ ወደ ቀኝ አዙሩ፤ መሐል ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተጎድቷል። ጎማውን ያዙና ወደ ጎን ወዝውዙት፤ መላላት የለበትም። ከኋላው ቁሙና ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን እዩ። ወድቆ ሻንሲው የተጣመመ ሞተር እጅ ለቀቅ ሲያደርጉለት ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ እንዲህ ያለውን አስተካክላለሁ ብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ከመግዣው ገንዘብ ከአሥር አንዱን ሳትነኩት አስቀሩ። አዲስ ቢሆን ለሄልሜት፣ አሮጌ ቢሆን ለዘይት፣ ለካንዴላ፣ ለገመድ፣ ምናልባትም ለካቴና ታወጡታላችሁ። ኪሱን እስከ መጨረሻው አራግፎ ሞተር የሚገዛ ሰው የመጀመሪያውን ብልሽት አይቶ እንዳላየ ለማለፍ ይገደዳል፤ ትንሹ ብልሽት ትልቁን የሚወልደውም እንዲህ ነው።

ከጥገናው ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ዘይትን እመርጣለሁ። መኪና ላይ የሞተሩ ዘይትና የካምቢዮው ዘይት የተለያዩ ናቸው። በትንሹ ሞተር ላይ ግን ያችው አንድ ሊትር ፒስተኑንም፣ የካምቢዮውን ጥርሶችም፣ የፍሪሲዮኑን ሳህኖችም ታጥባለች፤ በዚያ ላይ ራዲያተር ስለሌለው ሙቀት ታወጣለች። ብዙዎቹ መቶ ሲሲ ሞተሮች እንደ መኪናው ዓይነት የወረቀት የዘይት ፊልትሮ እንኳ የላቸውም፤ ያላቸው የሽቦ ወንፊት ወይም ቆሻሻውን በማሽከርከር የሚለይ ሳህን ነው። ስለዚህ የሞተሩን ዕድሜ የሚጠብቀው ዘይቱን በጊዜ መቀየር ነው። አዲስ ሞተር ሲሆን የመጀመሪያውን ዘይት መመሪያው ባለው በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ቀይሩት፤ ክፍሎቹ እርስ በርስ ሲላመዱ ያራገፉት የብረት ብናኝ በውስጡ አለ። ከዚያ በኋላ መመሪያው ረዘም ያለ ርቀት ቢሰጣችሁም፣ አቧራና ዳገት ለሚበዛበት የእኛ መንገድ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

የምትገዙት ዘይት ዓይነትም ወሳኝ ነው። የመኪና ዘይት ይረክሳል ብላችሁ አትጨምሩ። አንዳንዱ የመኪና ዘይት ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል የሚያንሸራትት ቅመም አለበት። ያ ቅመም በዘይት ውስጥ የሚሠራውን የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ያንሸራትተዋል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይሄድም። ሰውም ፍሪሲዮኑ አለቀ ብሎ ሳህን ያስቀይራል፤ ችግሩ ከዘይቱ መሆኑን የሚነግረው የለም። በጣሳው ጀርባ ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ፈልጉ። ይህ የጃፓን መለኪያ ዘይቱ ለእንዲህ ዓይነት ፍሪሲዮን ተስማሚ መሆኑን ይገልጻል። ውፍረቱን ደግሞ መመሪያው ያዘዘውን፣ 20 ዳብሊው 50 ቢሆን 20 ዳብሊው 50፣ 10 ዳብሊው 30 ቢሆን 10 ዳብሊው 30 ተጠቀሙ። የዘይት መጠኑን በየሳምንቱ ሞተሩን በመሐል ማቆሚያው ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ለኩ፤ በጎን ማቆሚያው ዘንበል ብሎ የተለካ ዘይት ያሳስታችኋል።

ሁለተኛው ነገር የአገራችንን ከፍታ ይመለከታል፤ በየጋራዡ በብዛት የሚሳሳቱበትም ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር ግን ይህን አያውቅም፤ ለቆላ የተመጠነ ከሆነ የአየሩ ኦክስጅን ቀንሶ ሳለ ቤንዚኑን በቀድሞው ልክ ማውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ደጋ ላይ ሞተሩ ጉልበቱ ይደክማል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ካንዴላው እንደ ጥላሸት ይጠቁራል። ባለቤቱ ታፍኗል ይላል፤ መካኒኩም እንዲተነፍስ ብሎ የአየር ፊልትሮውን ያወጣዋል ወይም ሳጥኑን ይበሳዋል። ሞተሩ ለጊዜው ይፈጥናል። ከዚያ ግን የኮረኮንቹ አቧራ ያለ ከልካይ ገብቶ ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይሞርደዋል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰማያዊው ጭስ ይጀምራል። ትክክለኛው መፍትሔ ፊልትሮውን ሳይነኩ ቤንዚኑን መቀነስ ነው፤ ይኸውም በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ነሐስ፣ ጂግለሯን፣ አንድ ደረጃ ባነሰች መቀየር ነው።

ያም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለደብረ ብርሃን የተስተካከለውን ሞተር ይዛችሁ በጣርማበር አድርጋችሁ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ብትወርዱና እዚያ ብትሠሩበት ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ሲብስም ፒስተኑ ይነክሳል። ስለዚህ ሞተር ስታስተካክሉ አብዛኛውን ጊዜ የምትውሉበትን ቦታ ለመካኒኩ ንገሩት። ካንዴላውን ራሳችሁ እያወጣችሁ ማየት ልመዱ፤ ጫፉ ቡና መሳይ ከሆነ ደኅና ነው፣ ጥቁርና ደረቅ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ የነጣ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ በዘይት የረጠበ ከሆነ ፋሻው ወይም የቫልቩ ጎማ ይታይ። ይህን ለማወቅ የካንዴላ ቁልፍና አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ስለ ቤንዚን ይህን ልጨምር። ማደያ ሲደርቅ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ውሃ ወይም ላምባ ሊኖርበት ይችላል። ከተጠቀማችሁና ሞተሩ ከተንገዳገደ የካርቡራተሩን ታችኛ ሳህን ማፍሰሻ ቡሎን ላላ አድርጉና በብርጭቆ ተቀበሉት፤ ውሃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል። ቤንዚን ቤት ውስጥ፣ በተለይ ምድጃ ባለበት ማስቀመጥ ግን ቤተሰብን በእሳት አፍ ማሳደር ነው፤ አታድርጉት።

ካቴናውን ሁሉም ያየዋል፤ የሚንከባከበው ግን ጥቂት ሰው ነው። በላምባና በብሩሽ አጥባችሁ በጨርቅ አድርቁት፣ ከዚያ 90 ቁጥር ዘይት ቀቡት። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ፤ ውስጡ የብረት ብናኝ አለበት። ይህን ስታደርጉ ሞተሩ ይጥፋ፣ ጎማውንም በእጃችሁ አዙሩ። ማርሽ አስገብቶ እየዞረ በጨርቅ መጥረግ ጣት ያስቆርጣል፤ ጣቶቻቸውን በዚህ ያጡ መካኒኮች አሉ። ልልነቱን መሐሉ ላይ በጣታችሁ ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋችሁ ለኩ፤ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ከመጠን በላይ የተወጠረ ካቴና ከላላው የባሰ ነው፤ ሰው ስታፈናጥጡ ይበልጥ ተወጥሮ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይበላል። የኋላው ጥርስ እንደ መንጠቆ ከጠመመ ካቴናውንና ሁለቱንም ጥርሶች አንድ ላይ ቀይሩ፤ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ቶሎ ያልቃል።

ጎማና ባትሪ ብዙ አያስወሩም። ነፋሱን ጠዋት ሳይሞቅ አስለኩ፤ ልኩ የካቴናው መሸፈኛ ወይም ሹካው ላይ ተለጥፏል። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ያረጀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በዝናብ ያንሸራትታል። ባትሪ ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የተጣራ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ።

ቁልቁለት ላይ ግን ብዙ ሰው ሞቷል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ወይም ፎሌ አድርጎ መልቀቅ የተለመደ ነው። የትንሽ ሞተር ፍሬን አብዛኛው ሸራው በከበሮ ውስጥ የተዘጋ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲያዝ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ይግልና መያዙን ይተዋል። ዝቅተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩ ራሱ ይያዛችሁ፤ ፍሬኑን ለመጠምዘዣው አስቀሩት።

ሄልሜትን በተመለከተ ልለምናችሁ ነው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ሄልሜት አደጋ በደረሰ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከዚህ በላይ ሕይወት የሚያድን ዕቃ በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም። መሪው ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ግን ማንንም አያድንም፤ ማሰሪያው ያልታሰረም በመጀመሪያው ግጭት ይወልቃል። አንድ ጊዜ መሬት የመታ ሄልሜት ውጪው ደኅና ቢመስልም ውስጡ ያለው መከላከያ ተጨፍልቋልና ቀይሩት፤ ያገለገለ ሄልሜት የማትገዙትም በዚህ ምክንያት ነው። ለሚፈናጠጠውም ሌላ ሄልሜት ያስፈልጋል። ልጁን ፊቱ አስቀምጦ፣ ሚስቱን ከኋላ አፈናጥጦ፣ እሱ ብቻ ሄልሜት ያደረገ አባወራ በየመንገዱ አያለሁ፤ ሁልጊዜም ልቤ ይደነግጣል።

ንግግሬ እዚህ ላይ ይበቃል፤ ጥያቄዎቻችሁን ግን ሞተሩ አጠገብ ሆነን ብንነጋገርባቸው እመርጣለሁ። ግቢው ውስጥ አንድ ያገለገለ ሞተር ቆሟል፣ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሣም። የካንዴላ ቁልፍ፣ ላምባና ብሩሽ አዘጋጅተናል። ሴቶች እህቶቼ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ካንዴላውን መጀመሪያ የምታወጣው ከእናንተ አንዷ ትሁን፣ ቀለሙንም አይታ ለሁላችንም ትንገረን።